ሠላሳ አንደኛው ትራንስፎርመር

ጥር 6፣ ሰኞ

ሃያ ሰባተኛው ወጣ። ሃያ ስምንተኛው ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ ነው።

አቶ መቶ ዛሬም ሦስት ጊዜ መጡ። ስማቸው አይደለም። እስከ ሰኔ መቶ አሮጌ ትራንስፎርመር አድሰን ወደ ምሰሶ እንመልሳለን ብለው ለበላይ ቃል ከገቡ ወዲህ ሠራተኛው ያወጣላቸው ነው። በሩ ላይ ይቆሙና "ስንት ደረስን?" ይላሉ። እንደምን አደራችሁ ማለት ቀርቷል። ስብሰባ ላይ "ሰርኩላር ኢኮኖሚ" የሚሉትን እኛ "ዙሩ" እንለዋለን... የሚጣል ነገር የለም፣ ሁሉም ይዞራል። ድሮ ጓሮ ተጥሎ የሚዝገው አሁን ይከፈታል፣ ዘይቱ ይቀዳል፣ የመዳብ ጥቅሉ በክሬን ይወጣል (ሆድ ዕቃው እንለዋለን)፣ ይደርቃል፣ ዘይቱ ተጣርቶ ይመለስለታል። እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። እመረምራለሁ፣ እፈርማለሁ። ያለ እኔ ፊርማ ከግቢ የሚወጣ የለም። ደስ ይለኛል ማለት ያሳፍራል እንዴ? ደስ ይለኛል።

አባዬ ጉልበቱን ሲያሽ አመሸ። ዘይቱ ሊያልቅበት ነው። ሠላሳ ዓመት እዚያው እኔ የምሠራበት ጋራዥ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ የተረፈው የጉልበት ሕመም ነው። ለሕመሙ ደግሞ ከትራንስፎርመር ዘይት በቀር የሚያምነው መድኃኒት የለም። "የተጣራውን አምጪልኝ" ይለኛል፣ "ከአዲሱ እሱ ይለሰልሳል።" በውሃ ጠርሙስ እወስድለታለሁ። ሁሉም ይወስዳል።

ጥር 9፣ ሐሙስ

እንግዶች መጡ። ካሜራ፣ ነጭ የራስ ቆብ፣ የታሸገ ውሃ... ወለሉን ሦስት ጊዜ አጠብነው።

ሠላሳ አንደኛው የተከፈተው እነሱ እያዩ ነው። ቀፎው (የውጭ ብረቱ) ላይ ያለው ሰሌዳ የተመረተበትን ዓመት ይናገራል። አዲስ ከሚባሉት ነው። አዲስ ከሆነ የመርዝ ምርመራ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልጋቸው ድሮ የተሠሩት ናቸው። የእነሱ ዘይት ፒሲቢ የሚባል መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል ወደ ቀይ በርሜል ይገለበጣል እንጂ ማጣሪያ ማሽኑ ጋ አይደርስም። መመርመሪያውም ጥቂት ነው፣ በቆጠራ ነው የሚሰጠን።

ሆድ ዕቃው በክሬን ሲወጣ ማሰሪያ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አየሁት። ሰሌዳው ላይ ካለው ጋር አይገናኝም።

አየሁት።

ቀጮ የዘይት መሳቢያውን ጎማ ይዞ እየጠበቀኝ ነበር። ቀጮ የማጣሪያ ማሽኑ ሠራተኛ ነው፣ ዱላ የመሰለ ቀጭን። አቶ መቶ ከእንግዶቹ ጀርባ ሆነው ሰዓታቸውን ያያሉ። አሁን ቁጥሩ አልገጠመም ብዬ ሥራ ላስቁም? በካሜራ ፊት? ቅጹ ላይ "አያስፈልግም" ብዬ ፈረምኩ። ቀጮ ጎማውን ሰካ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ጥር 10፣ ዓርብ

ለአባዬ ጠርሙስ ሞልቼ ወሰድኩ። መረቀኝ።

ያ ቁጥር ግን ለምን አልገጠመም? የጸሐፊ ስህተት ይሆናል... ይሆናል።

ጥር 13፣ ሰኞ

ሦስት አወጣን። ሠላሳ ዘጠኝ ደረስን። አቶ መቶ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ምግብ አልበላ አለኝ። አባዬ "ምን ነካሽ፣ ፍቅር ያዘሽ እንዴ በዚህ ዕድሜሽ?" አለ። ሳቅሁለት።

ጥር 14፣ ማክሰኞ

ጠዋት ማንም ሳይገባ መዝገብ ቤት ሄድኩ። የድሮዎቹ መዝገብ ከታች መደርደሪያ ላይ ነው፣ አቧራው ያስነጥሳል። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። ሁለተኛው መዝገብ፣ ገጽ አርባ አንድ።

አለ። ከድሮዎቹ ነው። ከቀይ በርሜሎቹ።

እዚያው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። አሮጌ ሆድ ዕቃ በአዲስ ቀፎ... ማን ከተተው? ለምን?

ከዚያ መቁጠር ጀመርኩ። የሠላሳ አንደኛው ዘይት ማሽኑ ውስጥ ገባ። ማሽኑ አንድ ጋን ነው ያለው፣ ሁሉም እዚያ ይቀላቀላል። ሐሙስ ሁለት፣ ዓርብ ሦስት፣ ቅዳሜ አንድ፣ ትናንት ሦስት። ዘጠኝ። ዘጠኙም የኔ ፊርማ አለባቸው።

ከዚያ ደግሞ የዓርቡ ጠርሙስ ትዝ አለኝ።

ቀጮን "ማጣሪያው አርጅቷል፣ አዲስ እስኪመጣ ማሽኑን አቁም" አልኩት። ውሸት ነው። ቢያንስ አሥረኛ አይጨመርም። ቤት ስደርስ አባዬ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ ጉልበቱን እያሸ ነበር። ጠርሙሱን ከእጁ ቀማሁት። ቆሻሻ ገብቶበታል፣ ሌላ አመጣልሃለሁ አልኩት። በሳሙና ሁለት ጊዜ አጠብኩለት። እጄን ይዞ "ልጄ፣ እኔ አሮጌ ነኝ እንጂ ዕውር አይደለሁም" አለ። ጠርሙሱ አልጋዬ ሥር ነው። ግማሹ አልቋል... ግማሹ የት ሄደ? ቆዳው ውስጥ ነዋ።

ጥር 15፣ ረቡዕ

አንድ መመርመሪያ ሰረቅሁ። አዎ፣ ሰረቅሁ። በዚህ ዕድሜዬ።

ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ከጠርሙሱ ትንሽ ቀድቼ ቱቦው ውስጥ አደረግሁ። ውስጡ ያለችውን ብርጭቆ መስበር፣ መነቅነቅ፣ መጠበቅ። ሐምራዊ ሆኖ ከቆየ ንጹሕ ነው። ቀለሙ ከጠፋ መርዝ አለበት። ሐምራዊ ሆነ... ልቤ መለስ አለ። አምላኬ ሆይ አልኩ።

ከዚያ ጠፋ። ቀስ እያለ ነጣና ውሃ መሰለ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር እናቴ።

ጥር 16፣ ሐሙስ

ለቀጮ ነገርኩት። ሌላ ለማን እነግራለሁ?

እጆቹን ገልብጦ አያቸው፣ መልሶ ገለበጣቸው። ጓንት አድርጎ አይቼው አላውቅም። የሚሰጡን ጓንት በሁለተኛው ቀን ይቀደዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም።

"እትዬ፣ ለማንም አትናገሪ" አለኝ በመጨረሻ። ሚስቱ ልትወልድ ነው። ጋራዡ ከተዘጋ አሥራ አራት ኮንትራት ሠራተኛ ሜዳ ላይ ይወድቃል፣ እሱ የመጀመሪያው ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሆናል ነገሩ አለ። ለመሆኑ ዘይቱ በታሸገ ብረት ውስጥ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ማንን ይነካል? ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው። ሁሉም እንደሚያፈስ እሱም እኔም እናውቃለን። ወደዚህ የሚመጡት በማፍሰሳቸው አይደል?

ከዘጠኙ ስድስቱ ሰኞ ተጭነው ይወጣሉ።

ጥር 17፣ ዓርብ

ልናገር ገባሁ። እግሬ እየተጎተተ ቢሮአቸው ገባሁ።

አቶ መቶ ግን አላስቀመጡኝም፣ አላስጀመሩኝም። ቁጥሩ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ለምን ቆመ? የማጣሪያ ነገር ለምን ቀድሞ አልታሰበበትም? አርባኛውን ለማስመረቅ የበላዮቹ ሊመጡ ነው አሉ። ግድግዳው ላይ የዙሩን ትልቅ ክብ ሥለዋል፣ ቀስቶቹ አረንጓዴ ናቸው። እሱን ሳይ ምላሴ ታሰረ። ምን አልኩ? ለሰኞ ፈቃድ ጠየቅሁ። ሰኞ ላለመኖር! ሳይፈቅዱልኝ ቀሩ።

ስወጣ ቀጮ በዓይኑ ጠየቀኝ። አልተናገርኩም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሲደሰት አየሁት... እኔም ትንሽ ቀለለኝ። ይኼን ለማንም አልናገርም።

ጥር 18፣ ቅዳሜ

አንዱ ሄደ!

ሰኞ ከተባሉት ስድስት አንዱ ዛሬ ጠዋት ተጫነ፣ ሠላሳ አራተኛው። የውሃ መሳቢያ ጣቢያው ትራንስፎርመር ተቃጥሎ አስቸኳይ ጠይቀው ነው። እኔ ስደርስ መኪናው በር እያለፈ ነበር። የጥበቃው ሰው እጁን አወዛወዘልኝ። እኔም አወዛወዝኩለት።

የውሃ ጣቢያ። ከሁሉም ቦታ መርጦ የውሃ ጣቢያ።

ጥር 19፣ እሑድ

አባዬን ጠየቅሁት። ሌላ መንገድ አላገኘሁም። ያን ጊዜ የጋራዡ ፎርማን እሱ ነበር።

አሮጌ ሆድ ዕቃ በአዲስ ቀፎ ትከቱ ነበር ወይ አልኩት። ሳቀ። ፊቱ በራ እንዲያውም። እንዴታ አለ። ያኔ መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም፣ አንዱ ቀፎው ዝጎ ያፈሳል፣ ሌላው ቀፎው ደህና ሆኖ ሆድ ዕቃው ይቃጠላል። "ታዲያ ከሁለት በሽተኛ አንድ ጤነኛ እናወጣ ነበር። ሰዉ ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ? ስም አልነበረውም እንጂ ያን ዙራችሁን እኛ ነን የጀመርነው" አለ።

ሰሌዳውስ? ሰሌዳው ቀፎው ላይ ይቀራል፣ ማን ይፈታዋል። ዘይቱስ? ዘይቱማ ዘይት ነው፣ ይመለሳል። ስንት ይሆናሉ ስለው፣ ጣሪያውን አይቶ "ሃያ... ሠላሳ... ማን ቆጥሮ" አለ።

ሠላሳ! እኛ አንዱን ነው ያገኘነው።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ቁጥሩን፣ ፊርማዬን፣ ቱቦውን፣ ውሃ ጣቢያውን። የጠርሙሱን ስናገር አለቀስኩ። አባቴን በእጄ መርዝ ቀባሁት። አባዬ ጉልበቱን በመዳፉ ሸፈነው፣ እንደሚበርደው ሰው። መርዝ መሆኑን ያኔ ማንም አልነገረንም አለ። ሁለት ጊዜ አለው። ሳንድዊች የምንበላው በዚያው እጃችን ነበር አለ።

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣም። በኋላ ቀና ብሎ "ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሽ እዚህ እኔ ጋ ቁጭ ብለሽ ምን ትሠሪያለሽ?" አለኝ።

ጥር 20፣ ሰኞ

በታክሲ ሄድን። አባዬ እቀራለሁ አላለም። የጡረታ ጃኬቱን ለብሶ፣ ምርኩዙን ይዞ... መንገዱን ሁሉ መስኮቱን ያያል።

መኪናው ሞተር አስነስቶ ነበር። አምስቱ ተጭነዋል። ፊት ለፊቱ ቆምኩ። እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም። ሾፌሩ ክላክስ አደረገ፣ አልተንቀሳቀስኩም። አቶ መቶ ከቢሮ ወጡ፣ ሠራተኛው ተሰበሰበ፣ ቀጮም አለ። ያሰብኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

"ዘይቱ መርዝ አለበት" አልኩ። "ዘጠኙም። ሳልመረምር የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

አቶ መቶ ቅጹን አስመጡ፣ አዩት፣ ፊርማውን በጣታቸው ነኩት። ቁጥሩ እንዳልገጠመ አይተሻል ወይ አሉኝ። አይቻለሁ። መቼ? ሐሙስ፣ እንግዶቹ የመጡ ዕለት። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሰውዬው ይጮሃሉ ብዬ ነበር የፈራሁት። ይልቅ ቅጹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

አባዬ ወደ ፊት ወጣና ሥራው የኔ ነው፣ እሷ ምን ታውቃለች ማለት ጀመረ። አስቆምኩት። ከዚያ አንድ ነገር አደረገ... በምርኩዙ እየተደገፈ ጓሮ ወዳሉት ያልተከፈቱ ትራንስፎርመሮች ሄደ፣ የገዛ እጁን ብየዳ በጣቱ እየፈለገ። "ይኼ የኔ ነው" አለ። ሦስት አለፈና "ይኼም።" ቀጮ ሳይታዘዝ ጠመኔ ይዞ ተከተለው። ሰባት ላይ ምልክት አደረጉ። ያንን ጉልበት ይዞ ግቢውን በሙሉ ዞረ።

ጋራዡ ተዘጋ። እኔም ከሥራ ታግጃለሁ። ሠላሳ አራተኛውን የሚመልሰው መኪና ግን ነገ ይሄዳል። እኔም ልሂድ አልኩ። አቶ መቶ "ሂጂ" አሉ፣ ሳያዩኝ።

ጥር 21፣ ማክሰኞ

አልተሰቀለም! መሬት ላይ ነበር፣ ከመሳቢያው ቤት ጀርባ። ክሬን ስላልመጣላቸው።

ግን ከታች ቧንቧው እያንጠባጠበ ነበር። ሣሩ ላይ መዳፍ የሚያክል ጥቁር። ከውሃው ጉድጓድ አርባ እርምጃ... ቆጠርኩት፣ ሁለት ጊዜ። አፈሩን ክርናችን ድረስ ቆፍረን በአራት ጆንያ ሞላን። የጣቢያው ሴትዮ ለዚህ ጠብታ ነው ይህ ሁሉ ብላ ሳቀችብን። አዎ አልኳት። ውሃውም ይመረመራል። በሳምንት ይታወቃል አሉ።

ሳምንት።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

ውሃው ንጹሕ ነው። ደወሉልኝ። ስልኩን ዘግቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከሠራተኛው የሚደውል ግን የለም። ትናንት ገበያ ላይ ቀጮን አየሁት፣ መንገድ አቋረጠ። ይፈረድበታል? ኮንትራታቸው እስኪጣራ ተይዟል። እኔ በፊርማዬ የሠራሁትን እነሱ በእንጀራቸው እየከፈሉ ነው። ተናገርሽ ብሎ የሚያመሰግን እንደሌለ አውቅ ነበር... ማወቅና መቀበል ለየቅል ነው።

አባዬንና እኔን ለምርመራ ደም ስጡ ብለውናል። ሰጠን። አባዬ መርፌ ይፈራል። አላውቅም ነበር።

የካቲት 5፣ ማክሰኞ

ጋራዡ ተከፈተ። አሁን ሰሌዳ የሚያምን የለም። የተከፈተ ሁሉ ይመረመራል፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ ማሽኑም ሁለት ጋን ኖሮታል። ሁሉም ተመለሱ፣ ቀጮም። እኔም፣ ግን ወደ ፊርማው አይደለም። ቀይ በርሜሎቹ ጋ ነኝ፣ መለያ እለጥፋለሁ። አቶ መቶ በሩ ላይ ቆመው "ስንት መረመራችሁ?" አሉ ዛሬ። ስንት ደረስን አላሉም።

ሰላም የሚለኝ የለም። ይሁን። ሁለት ጓንት ደርቤ ነው የምሠራው።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

የአባዬ ውጤት ወጣ። እጁን ይዤ ገባሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ረጋ ብላ ነው የምትናገር።

በደሙ ውስጥ አለ። ብዙ። የጠርሙሱ ነው፣ የኔ ነው አልኩ፣ እሷ ሳትጠይቀኝ። ራሷን ነቀነቀች። በአራት ቀን ቅባት እንዲህ አይከማችም፣ ይህ የዓመታት ነው አለች። የሠላሳ ዓመት ነው ማለቷ ነው። ሊቀለኝ ይገባ ነበር። አልቀለለኝም።

ከዚያ የኔን ወረቀት አነሳች። በኔም ውስጥ አለ። ከሥራ ዘመኔ ጋር አይመጣጠንም፣ ከዚያ የቆየ ይመስላል አለች። ብዕሯን አስቀምጣ ጠየቀችን፦

"ልጅ ሆነሽ፣ የአባትሽን የሥራ ልብስ ቤት ውስጥ ማን ነበር የሚያጥበው?"

አባዬም እኔም አልተያየንም።

እናቴ ናት። በእጇ፣ በትልቁ ሳፋ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። የኛም ልብስ ከሱ ጋር። በጉበት ነው የሞተችው፣ በአርባ ስምንት ዓመቷ። ከምን መጣ ብለን ጠይቀን ነበር፣ የሚያውቅ አልነበረም። ሐኪሟ ያ ነው አላለችም። እንዲህ ነው ለማለት አይቻልም አለች። አባዬ ግን ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ አልነሳም አለ። "ቱታዬን እየቀማች ነበር የምታጥበው" አለ፣ "እኔ ልጠብ ብላት እንቢ እያለች።" ሲያለቅስ ሳየው ሁለተኛዬ ነው።

ቤት አድርሼው፣ አስተኝቼው ወጣሁ። በቀጥታ ቀጮ ቤት ሄድኩ። የት እንደሆነ በሰው ጠይቄ። አያናግረኝም፣ አውቃለሁ፣ በሩን ቢዘጋብኝም ይዝጋ አልኩ። የዛሬው ፍርሃት ሌላ ነው። ያኛው ለራሴ ነበር።

የከፈተችው ሚስቱ ናት። ሆዷ ገፍቷል፣ ክንዷ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። "እሱ የለም" አለች። አንቺን ነው የፈለግኩት አልኳት። ከኋላዋ ሳፋው ይታያል፣ ሰማያዊው ቱታ ተዘፍዝፎ።

ነገርኳት። ዘይቱን፣ ልብሱን፣ እናቴን። ቁጭ ብላ ሰማችኝ፣ አረፋው ክንዷ ላይ እስኪደርቅ። ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነኪው፣ እዚያው ጋራዥ ይታጠብ፣ እኔ አስገድዳቸዋለሁ አልኩ።

"እስካሁን ያጠብኩትስ?" አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። ነገ ሐኪሟ ጋ አብሬሽ እሄዳለሁ አልኩ። ሦስት ሰዓት ላይ በሯ ላይ ልንገናኝ ተቀጣጠርን። ቱታውን በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ይዤው ወጣሁ።